በደብረ ማርቆስ ያሳተምሁት «የተፈጥሮ አስማት»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቆዩ መጻሕፍትን በትእዛዝ እያተመ የሚጠርዝ አንድ ቤት፣ ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ የጻፈውን «የተፈጥሮ አስማት»፣ በ1658 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ ከወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም አባዝቶ አስረክቦኛል። መጽሐፉ በ1558 ኔፕልስ ላይ ሲታተም አራት ክፍል ብቻ የነበረው ሲሆን፣ ደራሲው በ1589 ወደ ሃያ ክፍል አሳድጎታል። መድኃኒት፣ ሽቶ፣ ብረት ማጠንከር፣ የምግብ ሥራና የስውር ጽሕፈት በአንድ ጥራዝ ተሰብስበዋል፤ የሥር መድኃኒትና አስማተ ጸሎት ጎን ለጎን የሚጻፉበትን የእኛን መጽሐፈ መድኃኒት ለሚያውቅ የጎጃም አንባቢ ይህ ቅልቅል እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉም ይበልጥ የያዘኝ ሰባተኛው ክፍል ነው። ነጭ ሽንኩርት የማግኔትን ኃይል ያጠፋል የሚለው ነገር ከጥንት ጀምሮ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል፤ ፖርታ ግን ነጭ ሽንኩርት በልቶ ማግኔቱ ላይ ተነፈሰበት፣ አገሳበት፣ አልበቃው ብሎ ጭማቂውን ቀባው፤ ማግኔቱም ብረቱን እንደ ወትሮው ሳበ። ይህን ገጽ ስተረጉምላቸው፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት ጎረቤቴ መሪጌታ «ሞክሬዋለሁ ብሎ የሚጽፍ ገልባጭ እኛም ዘንድ ጥቂት ነው» ብለው ሳቁ። ይኸው ጠንቃቃ ፖርታ ሁለተኛው ክፍል ላይ እንስሳት ከብስባሽ እንደሚፈጠሩ ሳይጠራጠር ማስፈሩ ያስገርማል። ዘጠነኛው ክፍል ያሉት የፊት ማስዋቢያዎች እርሳስና ሜርኩሪ ስለሚገባባቸው ለንባብ እንጂ ለሙከራ አይሆኑም።

ወደ ኅትመቱ ስመለስ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ስፌቱም ጠንካራ ነው። ሆኖም የውስጥ ህዳጉ ጠባብ በመሆኑ የየመስመሩ ጫፍ ጥረዛው ውስጥ ገብቷል፤ ስለ መስተዋትና በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ብርሃን የውጭው ምስል ግድግዳ ላይ ስለሚታይበት ጨለማ ቤት የሚናገረው አሥራ ሰባተኛው ክፍልም ገጾቹ ተዘበራርቀው ነበር። መልሼ ስወስድላቸው ያለ ክርክር ተቀብለው በሁለት ቀን በነጻ አስተካክለዋል፤ ህዳጉን ግን ማዳን አልተቻለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛው «ኤስ» ፊደል «ኤፍ» መስሎ ስለሚታተም የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያደክማሉ፤ ይህ የአታሚው ጥፋት አይደለም። ማዘዝ የሚፈልግ ሰው በውስጥ በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ህዳግ እንዲተውለት አስቀድሞ ይናገር፤ እነርሱ አይጠይቁም።