አቶቴ ያለችው የቲቸር መጽሐፍ ኪራይ ቤት (እና እዛ ያገኘሁት የ1820 ሰፋሪዎች መጽሐፍ)

ሀዋሳ ውስጥ መጽሐፍ ሚከራይበት ቦታ ለምትፈልጉ ይቺን ቤት ልጠቁማችሁ። ከዛ ደግሞ እዛው ተከራይቼ ስላነበብኩት፣ በፈረንጅ 1820 ከእንግሊዝ ሄደው ደቡብ አፍሪካ ስለሰፈሩ ሰዎች ስለሚያወራ አንድ መጽሐፍ ትንሽ ረዘም አድርጌ አወራለሁ፣ ቤቷ ከሌላው በምን እንደምትለይ የገባኝ በሱ ስለሆነ። አቶቴ አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብላችሁ ኮብልስቶኑን ስትከተሉ በቀኝ በኩል ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፣ ስም ምናምን የለውም፣ "መጽሐፍ ይከራያል ይሸጣል" ብቻ ነው ሚለው። የአካባቢውን ባጃጆች "ቲቸር ጋ" ካላችኋቸው ያደርሷችኋል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው ሚላቸው። የአማርኛ ልቦለድ በቀን 10 ብር፣ ወፈር ያለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 15 ብር ነው፣ መያዣ 200 ብር ወይ መታወቂያ፣ ቴሌብርም ይቀበላሉ። ከዘገያችሁ ደውሎ መንገር በቂ ነው፣ ቅጣት ሚባል ነገር የለም። መጽሐፎቹ በሙሉ በካኪ ወረቀት ተለብጠዋል፣ ጀርባቸው ላይ በማርከር ተጽፎባቸዋል፣ ስለዚህ ሽፋን አይታችሁ ምትመርጡ ከሆነ አይሆናችሁም፣ ምን እንደምትፈልጉ ለቲቸር ነግራችሁ እሳቸው ናቸው ሚያወጡላችሁ። እና እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ፣ ሰውየው መደርደሪያው ላይ ያለውን አንብበውታል።

እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ደቡብ አፍሪካ ማንኛውም መጽሐፍ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዛ ነው ያለው፣ ከሆሳዕና ነው የሄደው፣ ያው እንደ ሁሉም በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ በታንዛኒያ በማላዊ ምናምን አድርጎ፣ አሁን ድሮ ፖርት ኤልዛቤት ይባል የነበረው ከተማ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው። ቲቸር ይሄን ስነግራቸው "ልጄ፣ እሱ ያለበት ከተማ እንዴት እንደተቆረቆረ ታውቂያለሽ?" አሉኝና መሰላል ላይ ወጥተው "የ1820 ሰፋሪዎች" ተብሎ የተጻፈበትን አወረዱልኝ። የድሮ የእንግሊዝኛ መማሪያ አይነት ነው፣ ትክክለኛው ሽፋኑ የለም፣ ግን ሆድ ዕቃው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። 1820 በፈረንጅ ነው፣ እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት፣ ካሳ ኃይሉ ገና ሕፃን እያለ ማለት ነው። እንግሊዝ የናፖሊዮንን ጦርነት በ1815 ጨርሳ ወታደሩ ሲበተን ሥራ ጠፋ፣ ኑሮ ተወደደ፣ በ1819 ማንቸስተር ላይ ለስብሰባ የወጣ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ተለቆ ሰው ሞተ። መንግሥት በዛው ዓመት 50,000 ፓውንድ መደበና ሥራ ያጣ ሰው በመርከብ አሁን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለው ወደ ኬፕ ቅኝ ግዛት ይሂድ አለ። ከ80 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ነበር ይባላል፣ የሄደው 4,000 አካባቢ ነው፣ ከ20 በላይ መርከቦች ተሳፍሮ።

እኔን ያስቆመኝ ግን የውሉ ገጽ ነው። ሰዎቹ በቡድን ነው ሚመዘገቡት፣ አንድ መሪ ቢያንስ 10 ወንድ ይዞ መምጣት አለበት፣ ለያንዳንዱ ወንድ ከነሚስቱና ከሁለት ልጆቹ 10 ፓውንድ መያዣ ይከፈላል። ይሄ መያዣ ሚመለስ ነው! ሲሶው ከመርከብ እንደወረዱ፣ ሲሶው መሬታቸው ላይ ሲሰፍሩ፣ ቀሪው ከሦስት ወር በኋላ። መርከቡ የመንግሥት፣ በጉዞ ላይ ምግቡ የመንግሥት፣ እዛ ሲደርሱ ለአንድ ወንድ 100 ኤከር መሬት፣ በኛ ልኬት አንድ ጋሻ በሉት። ይሄን ሳነብ ደላላ ጋ የሄደውን የአክስቴን ገንዘብ ነው ያሰብኩት፣ ከብት ተሸጦ መሬት ተይዞ ከዘመድ ተለቅሞ፣ ልጁ በሰላም ይድረስ አይድረስ ዋስትና የሌለው፣ ሚመለስ ሲሶ ሚባል ነገርም የሌለው። በኛ አቆጣጠር በ2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ያለቁት 64 ልጆቻችንም ቤተሰብ እንዲሁ ከፍሎ ነው የላካቸው። መውጣት ድሮም ዘንድሮም አለ፣ ግን ከጀርባህ መንግሥት ቆሞ መውጣትና ተደብቀህ መውጣት አንድ አይደለም፣ መጽሐፉ ይሄን ለማለት አስቦ ባይጻፍም እኔ ከሱ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ለነሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም፣ ይሄንንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው መርከብ ቻፕማን ሚባለው በታኅሣሥ 1819 ተነስቶ አልጎዋ ቤይ፣ ማለት የአክስቴ ልጅ ከተማ ያለችበት ባሕረ ሰላጤ፣ የደረሰው ሚያዝያ 1820 ላይ ነው፣ አራት ወር ባሕር ላይ። ወደብ የለም፣ በትንንሽ ጀልባ ተወስደው ማዕበሉ መሀል ወታደሮች ሴቶቹንና ሕፃናቱን ተሸክመው ነው ወደ አሸዋው ያወጧቸው። ድንኳን ውስጥ ቆይተው ቦር ሚባሉት የደች ዘር ገበሬዎች በበሬ ሠረገላ ጭነው ወደየመሬታቸው ወሰዷቸው፣ ጫካ መሀል ዕቃቸውን አራግፈው ተመለሱ፣ በቃ። አቢዮና ሚባል ከግላስጎው የተነሳ መርከብ ደግሞ በዛው ዓመት ኅዳር ላይ ባሕር መሀል ተቃጥሎ ከ100 በላይ ሰው አልቋል፣ ይሄ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የተሰጠው፣ እኔ ግን ሁለት ሦስቴ ነው ደግሜ ያነበብኩት።

ከዛ እርሻው። አብዛኞቹ አናጢ፣ ጫማ ሰፊ፣ ባለሱቅ ነበሩ፣ ማረሻ ይዘው ማያውቁ። ስንዴ ዘሩ፣ ዋግ መታው። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩ፣ መታው። በሦስተኛውም መታው፣ በ1823 ደግሞ ጎርፍ መጥቶ የተረፈውን ቤትና ማሳ ጠራረገው። ዋግ ምን ማለት እንደሆነ አርሲና ባሌ ያለ ገበሬ ጠይቁ፣ ሰው ማሳው ዳር ቆሞ ሚያለቅስበት ነገር ነው። በ1823 መሬቱ ላይ የቀሩት ከግማሽ በታች ነበሩ፣ ሌላው ግራሃምስታውን ወደምትባለው የአካባቢው ከተማ ገብቶ የድሮ ሙያውን ቀጠለ፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መነገድ ጀመረ። እርሻው ላይ የቀሩት ደግሞ ብዙ ዓመት ቆይተው በሱፍ በግ ነው ያለፈላቸው።

አሁን የመጽሐፉ ትልቁ ችግር። ይሄ ሁሉ ሲተረክ መሬቱ ባዶ ይመስላል! ኾሳ ሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ሚመጡት ከብት ሲሰርቁ ብቻ ነው፣ ከየት እንደመጡ ለምን እንደተናደዱ ሁለት መስመር ተጽፎ ታልፏል። ደቡብ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ ጋሻ መሬት ለእገሌ ተሰጠ ሲባል ቀድሞ ማን ነበረበት ብሎ መጠየቅ ከቤተሰቡ የተማረው ነገር ነው። እኔም ልጠይቅ ገጽ ስገልጥ ነው የቲቸርን ወረቀት ያገኘሁት፣ እና ለዚህ ወረቀት ብቻ ቤቷ ብዙ ምስጋና ይገባታል።

የደብተር ወረቀት ነው፣ በሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ግጥግጥ ተደርጎ የተጻፈ፣ መጽሐፉ ዝም ያለበት ቦታ ላይ በስቴፕለር ተያይዟል። በአማርኛ እንዲህ ይነበባል፣ በ1812 ኮሎኔል ጆን ግራሃም ሚባል መኮንን ጦር ይዞ ዙርቬልድ ከሚባለው አገር 20,000 ሚሆኑ ኾሳዎችን ከፊሽ ወንዝ ማዶ አባረራቸው፣ ሰብላቸው ተቃጠለ፣ ከብታቸው ተነዳ፣ ግራሃምስታውንም በሱ ስም ተቆረቆረች። በ1819 ማካንዳ ሚባለው የኾሳዎች መሪና ነቢይ ብዙ ሺህ ጦር ይዞ ከተማዋን ሊያስመልስ መጣ፣ መድፍና ጠመንጃ መለሰው፣ በኋላ እጁን ሰጥቶ ሮበን ደሴት ታሰረ፣ ሊያመልጥ ሲል ባሕር በላው። ሰፋሪዎቹ በዓመቱ ሲመጡ የተሰጣቸው ይሄው መሬት ነው። ቲቸር ከሥሩ አስምረውበታል፣ እንግሊዞቹ ለነዚህ ድሆች መሬት የሰጡት ከማዘን ብቻ አይደለም፣ ድንበር ላይ ወታደር ከማቆም ገበሬ ማስፈር ስለሚረክስ ነው። ኮሎኔል ካይለር ሚባለው ባለሥልጣን ሰፋሪዎቹን ሲሸኝ ልታርሱ ስትወጡ ጠመንጃችሁን ቤት ትታችሁ እንዳትወጡ ብሏቸዋል፣ ማለትም ምን ውስጥ እንደሚከታቸው አሳምሮ ያውቃል። በኾሳዎቹና በነጮቹ መሀል የተደረጉት የድንበር ጦርነቶች ሲቆጠሩ ዘጠኝ ናቸው፣ ከ1779 እስከ 1879፣ መቶ ዓመት።

ወረቀቱ ጫፍ ላይ ደግሞ በሌላ ቀለም በኋላ የተጨመረ አለ፣ ግራሃምስታውን በፈረንጅ በ2018 ማካንዳ ተባለች፣ ፖርት ኤልዛቤት በ2021 ኬቤርሃ ተባለች። ሰውየው ዜናውን ሰምተው ተመልሰው መጽሐፉን አውርደው ጽፈውበታል ማለት ነው። በ15 ብር ኪራይ እንዲህ ሚለፋ ሰው የት ነው ምታገኙት?

መጽሐፉን ልመልስ ስሄድ ቲቸር ካርታ አወጡ፣ መታጠፊያው ላይ በፕላስተር የተጣበቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ፊሽ ወንዝን በጣታቸው ተከትለው አሳዩኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ያለበትን በስልኬ አውጥቼ ጎን ለጎን አየነው፣ መርከቦቹ መልሕቅ ከጣሉበት ባሕር ብዙም አይርቅም። ማታ በኢሞ ደውዬለት ኮረብታው ላይ ያለውን የድንጋይ ፒራሚድ ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ሁሌ ያየዋል፣ የሰው መቃብር ነበር ሚመስለው። መቃብር እንዳልሆነ፣ ዶንኪን ሚባለው የኬፕ ተጠባባቂ ገዢ በ1818 ሕንድ ላይ ለሞተችበት ሚስቱ ለኤልዛቤት ያሠራው መታሰቢያ እንደሆነ፣ ከተማዋንም በ1820 በሷ ስም እንደጠራት ነገርኩት። ዝም አለና "እዛ ሁሉ አገር ሞታ እዚህ ከተማ በስሟ" አለ። ከዛ ስለ ደንበኞቹ ጠየቅኩት፣ ሁሉም ኾሳ ናቸው፣ ቋንቋቸውን ከነሱ ነው የተማረው፣ አንዳንዴ ሱቅ ሚዘረፍበት ቀን አለ፣ ያኔ ሚደብቁትም ጎረቤቶቹ እነሱው ናቸው። ያን ቀን ማታ ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርገን ነው ያወራነው፣ ብር ላክልኝ ደርሷል ወይ ከሚለው ውጪ ሌላ ወሬ ነበረን።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ማይመቸው ነገር አለ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው፣ መብራት ከጠፋ ቲቸር በሻማ መፈለግ ስለማይወዱ ነገ ነይ ነው ሚሏችሁ። ቁጭ ብሎ ሚነበብበት ቦታም የለም፣ ያለችው አንድ አግዳሚ ወንበር ናት እሷም ላይ ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ይቀመጡባታል። አቧራ ማይስማማችሁ ማስክ አድርጉ። የአዲስ መጽሐፍ አምሮት ካላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ እዚህ ሚገኘው አሮጌ ነው፣ እኔ የተከራየሁትም የ1834ቱ ጦርነት ያለበት ገጾች ተቀደዋል፣ ቲቸር ግን የጎደለውን እየጻፉበት እንደሆነና እንደጨረሱ እንደሚያያይዙት ነግረውኛል።

ለማን ይሆናል? ልጁ ወይ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ላለ ሰው በሙሉ፣ እና እዚህ ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ልሂድ አልሂድ እያለ ለሚያስብ ልጅ። የእንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ቲቸርን "የአማርኛውን ወረቀት ብቻ ስጡኝ" በሏቸው፣ ኮፒ አድርጋችሁ መመለስ ይፈቅዳሉ፣ ለሱ ብር አይቀበሉም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው፣ ዓርብ ከሰዓት ግን ቀድመው ስለሚዘጉ በጠዋት ሂዱ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ ያስቀረሁት ለአምፖሉ ነው። የሰፋሪዎቹ መጽሐፍ አሁን አንድ ተማሪ ጋ ነው፣ ሚቀጥለው ወረፋ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።