የላርሽ ወይስ የሌዎናር? የ1900ዎቹን የነሐስ ዳንሰኛ ለምትገዙ

ፈረንሳዊውን ሠዓሊና ቀራጺ ዴጋን ለጊዜው እንተወው። የእሱ ዳንሰኞች በነሐስ የተቀረጹት በ1917 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው፤ ዋጋቸውም የሚቀመስ አይደለም። ጨረታ ላይ ቶሎ ቶሎ ብቅ የሚሉት ሁለት ናቸው፦ የቀራጺው የራውል ላርሽ «ሎይ ፉለር» እና የቀራጺው የአጋቶን ሌዎናር የሻርፕ ዳንሰኞች። እነሱም ርካሽ አይደሉም።

ሎይ ፉለር ፓሪስን ያሳበደች አሜሪካዊት ዳንሰኛ ናት። ሰፊ ሐር እያውለበለበች በባለቀለም የኤሌክትሪክ ብርሃን ትደንስ ነበር። ላርሽ ይህንኑ ይዞ መብራት አደረጋት። ቁመቷ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አምፖሎቹ ከራሷ በላይ በተነሳው ጨርቅ ውስጥ ተደብቀዋል፣ ሲበሩ ብርሃኑ ፊቷና ደረቷ ላይ ይወርዳል። በጣም ታምራለች። መብራቱ ሲጠፋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሴትየዋ በጨርቁ ትዋጣለች።

የሌዎናር ሴቶች ሌላ ናቸው። መጀመሪያ የተሠሩት ለፈረንሳዩ የሴቭር ፖርሴሊን ፋብሪካ፣ ለገበታ ማስጌጫ ነው፤ 15 ሆነው በ1900ው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ቀረቡ። ከዚያ ሱስ ፍሬር የተባለው የነሐስ ማቅለጫ ቤት በወርቅ በተለበጠ ነሐስ በተለያየ መጠን አወጣቸው። ረጅሙ ሽንሽን ቀሚስ እግር ሥር ይዘረጋል፣ እጅጌው ከክንዱ ጋር ይነሳል፣ አንገቷ ዘንበል ይላል። በየትኛውም በኩል ብትዞሯት የምታዩት አታጡም። እኔ አንድ ብቻ ግዛ ብባል ይቺን ነው የምወስደው። ጨለም ያለ ጥግ ላላችሁ ግን ላርሽ ይሻላል።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ቅጂው። ላርሽ ላይ የማቅለጫ ቤቱን የሲዮ-ደኮቪልን፣ ሌዎናር ላይ የሱስ ፍሬር ማህተም ፈልጉ፣ ግን ማህተምም አብሮ ይቀዳልና በሱ ብቻ አትመኑ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከተሠራ ሐውልት ላይ የተቀዳው ከዋናው ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ሜትር አውጡና ሙዚየም ከመዘገበው ልክ ጋር አስተያዩ። ጣቶቿን ተመልከቱ፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተደፈነ ጥርጣሬ ግቡ። ከመቆሚያው ሥር ጫር ሲደረግ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣ ነሐስ ሳይሆን ዚንክ ነው።

የላርሽ ገመድና ሶኬት መቀየሩ ችግር የለውም፣ ያረጀ ሽቦ ቤት ያቃጥላል። ወርቁ ተወልውሎ ከለቀቀ ግን ዋጋው ይወርዳል።

የሌላውን ቀራጺ፣ የቺፓሩስን፣ ዳንሰኞች ያልጠቀስኩት ብዙዎቹ የዝሆን ጥርስ ስላለባቸው ነው። እንግሊዝ ከ2022 ጀምሮ ከጥቂቶች በስተቀር ሽያጩን ከልክላለች፤ ወደ አሜሪካ ማስገባትም ራስ ምታት ነው። በነሐስ ብቻ ከተሠሩት ጋር እንዲህ ያለ ጭንቀት የለም። ሻጩ የመቆሚያዋን ሥር ፎቶ አልልክም ካለ ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ እለፉት።