ሪያፊርን ለወራት ተጠቅሜ፦ የሥራው ቁልፍ ያለው በአንዲት ሳጥን ነው

ሪያፊር ከሪፐር (የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ጋር አብሮ የሚመጣ ፕለጊን፣ ማለትም በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ተጨማሪ መሣሪያ ነው። ሪፐር የሌላችሁም ብትሆኑ የሪፐር ሠሪ ኮኮስ ሪያፕለግስ ብሎ ለዊንዶውስ በነፃ ባስቀመጠው ጥቅል ውስጥ ታገኙታላችሁ። መልኩ አያምርም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ቀይ መስመር፣ ጥቂት ምርጫዎች፣ አለቀ። ብዙ ሰው ከፍቶት “ኖይዝ ይቀንሳል አሉ” ብሎ (ኖይዝ ያልተፈለገ ድምፅ ነው) ይሞክረውና ድምፁ ሲበላሽበት ይዘጋዋል። እኔ ለወራት የዕለት ሥራዬን ስሠራበት ቆይቻለሁ። ፍርዴ ይህ ነው፦ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ጥሩነቱም መጥፎነቱም የሚወሰነው “ኤፍኤፍቲ መጠን” የምትባለውን ሳጥን በምትሞሉበት ቁጥር ነው።

ሥራዬ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቤት ውስጥ የተቀዳ የአማርኛ ትረካ ማጽዳት፣ ሁለተኛው ሰዎች ከየመሳቢያቸው የሚያወጧቸውን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። ሁለቱ ከዚህች ሳጥን የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ፕለጊኑ ድምፁን ባንዴ አያየውም። በተርታ ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካ) ይቀይራል፣ ባንድ በሚባሉ ጠባብ ክፍሎችም ይከፋፍለዋል፣ የሚቀነሰውን ቀንሶ መልሶ ያገጣጥመዋል። ቁራጩ ስንት ሳምፕል (የድምፅ መለኪያ ነጥብ) ይያዝ የሚለውን በዚያች ሳጥን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በሰከንድ 48000 ሳምፕል ስንሠራ 4096 ማለት 85 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝም ቁራጭ ነው፤ ባንዶቹም በ11.7 ኸርዝ ይራራቃሉ። ወደ 16384 ስትወጡ ርቀቱ ወደ 2.9 ኸርዝ ይጠባል፣ ቁራጩ ግን 341 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ወደ 1024 ስትወርዱ ደግሞ ቁራጩ 21 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፣ ባንዶቹ ግን በ47 ኸርዝ ይራራቃሉ። ይህ የፕለጊኑ ድክመት አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ጊዜንና ፍሪኩዌንሲን እኩል አጥርቶ ማየት እንደማይቻል በሒሳብ አሳይቷል፤ የሺህ ዶላር ሶፍትዌርም ከዚህ አያመልጥም።

ነገሩ ረቂቅ የሚመስለው ሰው ካለ የመብራቱን ሃም፣ ከኤሌክትሪኩ ወደ ቅጂው የሚገባውን እምምታ፣ ይውሰድ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። 512 ሳምፕል 10.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ግማሽ ዙር ብቻ ያየ ፕለጊን ሃሙን በምን ይለየው? 50ን ከ53 ለመለየት ደግሞ ሁለቱ ሞገዶች በአንድ ሙሉ ዙር እስኪለያዩ መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህም አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ይወስዳል። 16384 የሚሰጠው ጊዜ ልክ ያን ያህል ነው።

በገና ላይ ይህ ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያል። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፤ እንዚራው (ከጅማቱ ሥር የሚገባው ትንሽ ቆዳ) ጅማቱን እየነካ የሚፈጥረው መንዘርዘር ደግሞ በላዩ ላይ ብዙ ሃርሞኒክ (የመሠረቱ ድምፅ ብዜቶች) ይደረድራል። አንዱ ጅማት 80 ኸርዝ ላይ ቢቃኝ ቀጣዮቹ 160፣ 240፣ 320 እያሉ ይወጣሉ። ሃሙ ደግሞ 50፣ 100፣ 150 ላይ ተቀምጧል። በ80 እና በ100 መካከል ያለው 20 ኸርዝ፣ በ150 እና በ160 መካከል ያለው 10 ብቻ ነው። በተለመደው ሃን መስኮት (የቁራጩን ዳርና ዳር የሚያለዝብ ቅርጽ) አንድ ድምፅ አራት ባንድ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በ4096 ወደ 47 ኸርዝ ይዘረጋል፣ ሃሙን ስትቀንሱ የበገናው ሥር አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን ባዶ ነው። በ16384 ስፋቱ ወደ 12 ኸርዝ ይወርዳል። 80 እና 100 ለየብቻ ይቆማሉ፤ 150 እና 160 አሁንም ትንሽ ይነካካሉ፣ ግን ለጆሮ አይከብድም። በገና ረጋ ብሎ የሚደረደር መሣሪያ ስለሆነ የጊዜው መርዘም ብዙም አይጎዳውም። ለበገና ካሴት ከ16384 በታች ወርጄ አላውቅም ማለት ይቀለኛል።

ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ወደ ትረካ ስትሄዱ ግን ጉዱ ይወጣል። “ቀጠለ” የሚለውን ቃል ሞገዱን አቅርባችሁ እዩት። ከ“ጠ” በፊት ምላስ አየሩን ዘግቶ የሚቆይበት ጸጥታ አለ፣ ከዚያ ፍንዳታው፣ ከፍንዳታው በኋላም አናባቢው እስኪነሣ ሌላ ቀጭን ክፍተት። አማርኛን ጥርት አድርገው የሚያሰሙት እነዚህ ክፍተቶች ናቸው። ሰብትራክት (ቅነሳ) በሚባለው ሞድ ፕለጊኑ የሚቀንሰው ባንዱ ምን ያህል ድምፅ እንደያዘ እያየ ነው። ቁራጩ 341 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ፍንዳታው ካለበት ቁራጭ ውስጥ ጸጥታውም አብሮ አለ። ባንዶቹ በፍንዳታው ጉልበት ስለሞሉ ቅነሳው ይላላል፣ ኖይዙም በጸጥታው ላይ ተመልሶ ይዘረጋል። በጆሮ ሲሰማ ከእያንዳንዱ “ጠ”፣ “ቀ” እና “ጨ” በፊት ትንሽ እፍታ፣ ከኋላቸውም ጅራት አለ። አድማጭ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ተራኪው “ይኮላተፋል” ይላችኋል።

ለትረካ 1024 ወይም 2048 ነው የምጠቀመው። በ1024 እፍታው ከ20 ሚሊ ሰከንድ ብዙም ስለማይረዝም ከፍንዳታው ጋር ይዋሃዳል። ዋጋው ሌላ ነው፦ ባንዶቹ ሰፊ ስለሆኑ ዝቅ ባለ የወንድ ድምፅ ሃርሞኒኮች መካከል ያለው የማቀዝቀዣ ጉምጉምታ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ይቅር። ጥርት ያለ “ጠ” ከጉምጉምታው ጋር፣ ከተደፈነ “ጠ” ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሁለቱንም ስፈልግ ፕለጊኑን በአንድ ትራክ ላይ ሁለት ጊዜ እጭነዋለሁ። የመጀመሪያው በኢኪው ሞድ (በየፍሪኩዌንሲው ድምፁን የሚያሳንስ ወይም የሚያጎላ) በ16384 ነው፤ 50፣ 100 እና 150 ላይ ቀጭን ጉድጓድ በእጄ እስላለሁ። ኢኪው ቋሚ ነው፤ ድምፁ ሲጨምርና ሲቀንስ መስመሩ አይነቃነቅም፣ ስለዚህ እፍታ አያመጣም። የሚያመጣው በጉድጓዱ ዙሪያ ትንሽ ማስተጋባት ነው፣ እሱም ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ስለሆነ እምብዛም አይሰማም። ሁለተኛው ሰብትራክት በ1024 ሆኖ ሽ የሚለውን የቀረ ኖይዝ ይይዛል። ለእኔ የፕለጊኑ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ረጅሙን መስኮት፣ ማለትም ረጅሙን ቁራጭ፣ ለማይንቀሳቀስ ነገር፣ አጭሩን ለሚንቀሳቀስ መስጠት።

ካሴት ላይ አንድ ተንኮል አለ። ቴፑ ሁለት በመቶ ፈጥኖ ቢሽከረከር በቀረጻው ጊዜ የገባው ሃም 51 ላይ ይቀመጣል፤ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ከ300 ወደ 306 ይሄዳል፣ በ16384 ሁለት ባንድ ዘለለ ማለት ነው። አሁን የሚያጫውተው ቴፕ ራሱ የሚያስገባው ሃም ግን እውነተኛው 50 ላይ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን በቁጥር ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ጫፉ የቆመበትን አይታችሁ ቆፍሩ፤ አንዳንዴ ሁለት ጫፍ ታያላችሁ።

ሰብትራክትን ስትጠቀሙ ኖይዙን እንዲያጠና የምታደርገውን ምልክት ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት አጥፉ፤ ካልሆነ ንግግሩንም ኖይዝ ነው ብሎ ይማረዋል። መጠኑን ከቀየራችሁ ኖይዙን እንደገና አስጠኑት። ያጠናውን ኖይዝ የሚያሳየውን ቀይ መስመር ደግሞ የኮንትሮልን ቁልፍ ይዛችሁ በጥቂት ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። ሙሉ በሙሉ ስትቀንሱ በየባንዱ አልፎ አልፎ ጎላ የሚሉት የኖይዝ ብልጭታዎች ብቻቸውን ቀርተው ውሃ ውስጥ እንደሚንቦጫረቅ ነገር ይሰማሉ። ትንሽ ኖይዝ ይሸፍናቸዋል።

ከበሮና ጭብጨባ ያለበት የሠርግ ቅጂ ከሆነ 512 ወይም 1024፤ ከዚያ በላይ ከወጣችሁ እያንዳንዱ ምት ከመምጣቱ በፊት በእፍታ ይነግራችኋል።

ቀጥታ እያዳመጡ ለመቅዳት አትመኩበት። ሪፐር የተቀዳውን ሲያጫውት መዘግየቱን ራሱ ያካክሳል፤ ዘፋኝ በጆሮ ማዳመጫ ራሱን እየሰማ ከሆነ ግን ትልልቆቹ መጠኖች ያወናብዱታል። የጎደለው ሌላ ነገር ለዝቅተኛው ረጅም፣ ለከፍተኛው አጭር መስኮት ባንዴ የሚያሠራ ምርጫ ነው። አይዞቶፕ አርኤክስ የሚባለው የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር በስፔክትሮግራም (ድምፅን በጊዜና በፍሪኩዌንሲ በሚያሳይ ሥዕል) እይታው ላይ መልቲ ሬዞሉሽን የሚል አማራጭ አለው፤ ማየት ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል። ግን የዋጋው ነገር አለ። ሪፐር ደግሞ 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ የቅናሽ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ለአብዛኞቻችን ከገንዘቡ ይልቅ በውጭ ካርድ መክፈሉ ነው ጣጣው።

ፕሪሴት (የተዘጋጀ ቅንብር) የምታስቀምጡ ሰዎች በስሙ ላይ የሳምፕል ሬቱንም (በሰከንድ የሳምፕል ብዛቱን) ጻፉበት። በ48 ኪሎ ኸርዝ ለትረካ የተስማማችሁ 1024፣ ፕሮጀክቱ 96 ሲሆን 10.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ትሆናለች፤ ባንዶቹም ወደ 94 ኸርዝ ይራራቃሉ። እዚያ 2048 ነው የምትፈልጉት፤ ለበገናው ደግሞ 32768።