ከከተማ ዳር ለሚመላለስ ሰው፦ ያማሃ አር15፣ ፐልሰር አርኤስ200 ወይስ ኒንጃ 300?

ስፖርት ሞተር ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይነዳል?» ብሎ ነው። ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ ወይም ከኮዬ ፈጬ በየቀኑ መሀል ከተማ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ግን መልሱ ብዙም አይጠቅመውም። ሦስቱም ሞተሮች በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአየር ጤና እስከ ሜክሲኮ 100 የሚነዳ ደግሞ የለም። ልዩነታቸው የሚታየው ከግቢ በር እስከ አስፋልት ባለው ኮብልስቶንና ፒስታ ላይ፣ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ አዲስ በሆነበት የመጀመሪያ ወር ነው።

ያማሃ አር15 (ሦስተኛው ትውልድ)፦ 155 ሲሲ፣ ወደ 19 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 140 ኪሎ ገደማ፣ የመቀመጫ ከፍታ 815 ሚሊ ሜትር፣ ከመሬት እስከ ሆዱ 170 ሚሊ ሜትር፣ ነዳጅ 11 ሊትር ይይዛል።

ፐልሰር አርኤስ200፦ 199.5 ሲሲ፣ 24.5 የፈረስ ጉልበት፣ 165 ኪሎ ገደማ፣ መቀመጫው 810 ገደማ፣ ሆዱ ከመሬት 157፣ ነዳጅ 13 ሊትር።

ካዋሳኪ ኒንጃ 300፦ 296 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 39 የፈረስ ጉልበት፣ 172 ኪሎ ገደማ፣ መቀመጫው 785፣ ሆዱ ከመሬት 140፣ ነዳጅ 17 ሊትር።

ወረቀት ላይ ያለው ጉልበት በባሕር ጠለል ከፍታ የሚሰላ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ያጣል። ስለዚህ አር15 እጃችሁ ሲገባ 14 ወይም 15፣ አርኤስ200 19 ገደማ፣ ኒንጃ 30 ገደማ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሦስቱም ኢንጄክሽን (ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ ተመጥኖ የሚረጭ) ስለሆኑ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ጋር ራሳቸው ያመጣጥኑታል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ግን ለቆላ እንደተስተካከለ ከመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። በዋጋ ቅናሽ ተስባችሁ የካርቡራቶር ሞዴል ልትወስዱ ካሰባችሁ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት።

አሁን ወደ መንገዱ። ኒንጃ ከመሬት 140 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማለቱ አስፋልት ላይ አይታወቅም። በየሰፈሩ ነዋሪው በራሱ የሠራቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ግን ሰው ጭናችሁ ስታልፉ የታችኛው ፕላስቲክ ይፈጫል፤ የማርሚታው ቧንቧም በሞተሩ ሥር ስለሚያልፍ ድንጋይ የሚያገኘው እሱን ነው። አር15 በዚህ በኩል ከሦስቱ ይሻላል። ክብደቱም ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ወደ ኋላ መግፋት ሲያስፈልግ 140 ኪሎና 172 ኪሎ እጅግ ይለያያሉ። በሌላ በኩል የአር15 መቀመጫ ከፍ ያለ ነው፤ ቁመቱ ከ1.65 ሜትር በታች የሆነ ሰው ኮብልስቶን ላይ በእግሩ ጣት ብቻ ይቆማል። ሱቁ ውስጥ ባለው ለስላሳ ወለል ላይ አትሞክሩት፤ ውጭ አውጡት፣ ተዳፋት ላይ አቁሙት፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ የት እንደሚያርፉ እዩ።

አቀማመጥን በተመለከተ አርኤስ200 ይመቻል። መሪው ከፍ ስለሚል ክብደታችሁ አንጓችሁ ላይ አያርፍም። የአር15 መሪ ዝቅ ያለ ነው፤ በሰዓት 80 ስትነዱ ንፋሱ ደረታችሁን ስለሚደግፍ አያስቸግርም፣ ከአየር ጤና ጀምሮ በዝግታ ሲኬድ ግን አንጓና አንገት ይደክማል። መፍትሔው ታንኩን በጉልበት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ክርንን ማላላት ነው። ይህን ልማድ ለመያዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ከባድ ቦርሳ በጀርባችሁ አትሸከሙ። ሙቀቱ ደግሞ ኒንጃ ላይ ይበዛል። ሁለት ሲሊንደር ነው፣ ማራገቢያው ሲነሳ ሙቅ አየሩ ይሰማል። ራዲያተሩ አቧራና ጭቃ ከያዘ ማራገቢያው ቶሎ ቶሎ ይነሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ በቀስታ በሚፈስ ውኃ እጠቡት፤ በላቫጆ የግፊት ውኃ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ።

ነዳጅ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኒንጃ ታንክ ትልቅ ስለሆነ ማደያ ሰልፍ ላይ ብዙ አልቆምም ይላል። አር15 በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አርኤስ200 ወደ 35፣ ኒንጃ ወደ 25 ይሄዳሉ። በታንኩ ስታባዙት ሦስቱም አንዴ ተሞልተው ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ይሄዳሉ። የሰልፉ ብዛት አንድ ነው፣ የሚከፈለው ብር ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ወር ሮዳጅ (አዲስ ሞተር በቀስታ እየተነዳ የሚላመድበት ጊዜ) ነው፣ ምርጫውንም ከሁሉም በላይ ሊወስን የሚገባው እሱ ነው። ሰበታ ከመሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 50 ብትሉት 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ20 የሥራ ቀን ነው። የኒንጃ መመሪያ ጥብቅ ነው፦ እስከ 800 ኪሎ ሜትር በደቂቃ ከ4,000 ዙር፣ ከዚያ እስከ 1,600 ኪሎ ሜትር ከ6,000 ዙር በላይ እንዳይወጣ ያዛል። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው ከዚያ በላይ ስለሆነ ወር ከምናምን ያህል የገዛችሁትን ጉልበት አታገኙትም። አር15ም እንዲሁ፤ የቫልቭ አከፋፈቱ ተቀይሮ የሚነቃው 7,400 ዙር ላይ ነው፣ በሮዳጅ ጊዜ ደግሞ እዚያ መቆየት አይገባም። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ሰው ጭኖ በአዲስ አር15 መውጣት ማለት ማርሽ ዝቅ አድርጎ ከአይሱዙ ኋላ ጭስ እየማጉ መሄድ ነው። አርኤስ200 በዝቅተኛ ዙር የተሻለ ስለሚስብ ይህን ወር በቀላሉ ያሳልፋል። መመሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ማርሽ የተጻፈውን የፍጥነት ጣሪያ ማክበር ብቻ ነው።

በሮዳጅ ጊዜ የፒስተኑ ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይላመዳሉ። የሚጎዳቸው ሁለት ነገር ነው፦ ሳይሞቅ ማስጓራት፣ እና በአንድ ዙር ረጅም መንገድ መንዳት። ከፍ ዝቅ የሚል የከተማ ፍጥነት ለፋሻ ጥሩ ነው። ጠዋት ካስነሳችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ አሥር ደቂቃ ቆሞ እንዲሞቅ ማድረግ ግን ነዳጅ ማባከን ነው። የመጀመሪያው ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከነፊልትሮው ይቀየራል። አር15 አንድ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፣ ኒንጃ ከሁለት ሊትር በላይ ይፈልጋል። የወጣውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ አፍሱና ፀሐይ ላይ እዩት፤ እንደ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ብረት ጤነኛ ነው፣ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩን ሳታስነሱ ለሻጩ አሳዩ። የመኪና ዘይት አትጠቀሙ። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የተነከረ ነው፤ ለመኪና የተሠራው ማለስለሻ ያንሸራትተዋል፣ ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል ምልክት ፈልጉ። የማፍሰሻው ብሎን የሚገባበት ጥርስ አልሙኒየም ስለሆነ ረጅም ቁልፍ ይዞ የሚንጠለጠልበትን መካኒክ አስቁሙት።

አዲስ ጎማ ፊቱ ላይ የሚያንሸራትት ቅባት አለው፤ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ ሞተሩን ብዙ አታጋድሙ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን አትያዙ። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ፤ ለኒንጃ ፊት 28፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ ነው፣ ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጎሚስታው በልምድ 40 ቢሞላላችሁ አስቀንሱት፤ ኮብልስቶን ላይ ሞተሩ እንዲፈናጠር የሚያደርገው እሱ ነው። የፍሪሲዮን ገመድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይለጠጣል፣ ሰንሰለቱም እንዲሁ፤ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱንም አስተካክሉ። የኒንጃ ሰንሰለት መካከሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መላላት አለበት። በጣም ከጠበቀ የኋላ ሾክ ሲወርድ ሰንሰለቱ ይገተራል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጽዱ እንጂ በቤንዚን አይሁን፤ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ። ከዚያ የካምቢዮ ዘይት 90 ቁጥር በጨርቅ ቀቡት። ብዙ ሰው የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ከፒስታ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል።

መለዋወጫ ላይ ክርክር የለም። የፐልሰር ሠሪ ባጃጅ አገሩን ስለሞላው የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮና ገመድ ለፐልሰር መርካቶም ሱማሌ ተራም ማግኘት ይቀላል። የኒንጃ ፕላስቲክ አንዴ ከተሰበረ ከውጭ ማስመጣት ነው። አር15 መሀል ላይ ነው፤ የመጣበትን አገር ግን እዩ። ኢንዶኔዥያ የተሠራው ሦስተኛ ትውልድ የፊት ሾኩ ወርቃማና የተገለበጠ ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) የለውም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንድ የተሠራው ተራ ሾክ ይዞ ኤቢኤስ አለው። ወርቃማው ያምራል፤ ውሻና በግ ድንገት በሚገባበት የሰበታ መንገድ ላይ ግን ኤቢኤሱን እንመርጣለን።

ስለዚህ ከሱሉልታ ለሚመላለስና ሰው ለሚጭን አርኤስ200። ከቤቱ እስከ አስፋልት ረጅም ፒስታ ላለው፣ ብቻውን ለሚነዳና ለነዳጅ ለሚሳሳ አር15። ኒንጃ ደጃፉ ድረስ አስፋልት ለደረሰለት፣ ለምሳሌ አያት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ለሚኖርና ቅዳሜና እሁድ ረጅም መንገድ ለሚወጣ ይሆናል። እንደ ያማሃ አር6 ያሉ 600 ሲሲዎች (የአር6 መቀመጫ 850፣ ሆዱ ከመሬት 130 ሚሊ ሜትር ነው) ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ታርጋው ጠይቁ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክል ከተማው ውስጥ በፈቃድ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ወስኖ ነበር። ቤታችሁ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ታርጋውን የምታወጡት ከኦሮሚያ ስለሆነ፣ በዚያ ታርጋ መሀል አዲስ አበባ መግባት በአሁኑ መመሪያ እንዴት እንደሆነ ከትራንስፖርት ቢሮው በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥርም ከብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።