አፈራችንን በጀሪካን ፈትኖ ሽምብራችንን ላተረፈልን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ ቃሉን አከብራለሁ።

ቤተሰቦቼ ምንጃር ሽምብራ ያመርታሉ። አምና ጥቅምት ላይ ማሳው መሀል ያለው ሽምብራ ቦታ ቦታ እየለየ ይጠወልግ ጀመር። አባዬ ውርጭ ነው አለ። ጎረቤት እርጥበት አጥሮት ነው አለ። ከአንድ ሱቅ መድኃኒት ገዝተን ረጨን፤ ገንዘቡ ባከነ እንጂ የዳነ ተክል የለም።

ባለሙያው በዘመድ ጥቆማ መጣ። በከፊል የጠወለገ ተክል ከነሥሩ ነቀለና ግንዱን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰነጠቀው። ሥሩ ከውጭ ሲታይ አልበሰበሰም። ውስጡ ግን በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር ክር አለ። "አባባ፣ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ተዘግቷል። አጠውልግ ነው" አለው። ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ከአፈር በሥር ገብቶ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት እዚያ አይደርስም። ሽምብራ ባይዘራ እንኳ አፈር ውስጥ ከ6 ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ ሁለት ዓመት ጤፍ መዝራት ብቻውን አያጠፋውም።

"ታዲያ ምን እንዝራ?" አልነው። "በራሳችሁ አፈር ሞክረን እንየው" አለ። ልቤን የገዛው እዚህ ላይ ነው።

የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ቆርጠን ከሥር በሳን። ግማሾቹን ሽምብራው ከሞተበት ቦታ በቆፈርነው አፈር ሞላን። ለቀሩት ፈንገሱ እንዲሞት ያንኑ አፈር በበርሜል ቀቅለን አቀዘቀዝን። እማዬ ለአፈር ማገዶ ሲነድ ደነቃት፤ ግን አልከለከለችንም። ከዚያ የአባዬን የአያት ዘር ዘራን። ከምርምር የወጡ ሁለት ዝርያዎችም ጨመርን፤ አንዷ የከተማችንን ስም የያዘችው አረርቲ ናት። በመጨረሻ በአጠውልግ ቶሎ የምትሞት አንዲት ዝርያ አመጣ። የምትሞተውን ለምን እንደሚዘራ ስጠይቀው "ምስክር ናት" አለኝ። "እሷ ካልሞተች የሌሎቹ መትረፍ ምንም አያሳይም። በሽታው አፈሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል።"

በየሦስት ቀኑ እየመጣ ይቆጥርና ደብተር ላይ ይጽፋል። ወር ሳይሞላ ምስክሯ አንገቷን ደፋች። የአባዬ ዘር ተከተላት፤ ከ20ው 13ቱ ወደቁ። በተቀቀለው አፈር ላይ ግን ያው ዘር ለምልሞ ቆመ። ከምርምር የመጡት በታመመው አፈር ላይም ጥቂት ብቻ ነው የሞተባቸው። የሞተውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰንጥቆ አየ፣ ምናልባት ሥር አበስብስ የሚባለው ሌላ በሽታ እንዳይሆን።

አባዬ በጣም ከፋው። "ዘሩ ጥሩ ነው አባባ፤ ለዚህ መሬት ግን አልሆነም። ንጹሕ ማሳ ላይ ያቆዩት" አለው። ይቋቋማል ማለት ፈጽሞ አይታመምም ማለት እንዳልሆነም አስጠነቀቀን። ፈንገሱ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሌላ ቦታ የቆመ ዝርያ እዚህ ሊወድቅ ይችላል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ የሚፈተንበት፣ ሆን ተብሎ በበሽታው የተበከለ ማሳ እንዳለው የሰማሁትም ከእሱ ነው።

ምንጃርና አካባቢው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ናሙና ስትይዙ ፈጽሞ የደረቀውን ተዉት። መጠውለግ የጀመረውን ከነሥሩ ነቅላችሁ በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ ይበሰብሳል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። አባዬ የዘንድሮውን የመጀመሪያ እሸት ላንተ ብሎ አስቀምጦታል፤ መጥተህ ውሰድ።