ገነተ ልዑል፦ መስታወቱን ስታዩ ግቢውን እንዳትረሱ

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየም ብዙ ሰው የሚያውቀው «የጃንሆይ መኝታ ቤት ያለበት» በሚል ነው። እውነት ነው፣ መኝታ ቤቱ አለ። መታጠቢያ ቤቱም አለ። ጥይት የበሳው መስታወትም አለ። ግን ይህ ቤት ሁለት ጊዜ ደም የፈሰሰበት ቤት ነው። አንዱን ሁሉም ይጠይቃል። ሌላውን ከደጅ ረግጦት ያልፋል። ሙዚየሙ ጥሩ ነው ወይ ለምትሉኝ፣ ጥሩ ነው፣ ሂዱ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ከየት ጀምራችሁ ብታዩት እንደሚሻል ነው።

የሄድኩት ከአጎቴና ከልጄ ጋር ነው። አጎቴ ሰባዎቹን አጋምሷል። ያደገው እዚያው አቅራቢያ፣ አፍንጮ በር ነው። የታኅሣሥ ግርግር፣ የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ የሆነ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። ልጄ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ታሪክ የሚማረው ከቲክቶክ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መሄድ ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ተገኘ። አንዱ የማይናገረውን ሌላው ይጠይቀዋል።

መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። እኛን የያዘን ታክሲ ያለ ቦታው አውርዶን ዋናው በር ለመድረስ አጥሩን ይዘን መዞር ነበረብን። «ድሮስ ቤተ መንግሥት በቀላሉ ይገባ ነበር እንዴ!» አለ ጋሼ፣ ላቡን እየጠረገ። ቀልዱ አልቀረበትም።

ከበሩ ወደ ሕንፃው ስትሄዱ ዛፉ ያምራል። ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፣ ወይ የሚያነቡ ይመስላሉ። ከሕንፃው ፊት ለፊት አንድ ወደየትም የማያደርስ ጠምዛዛ ደረጃ ቆሟል። ፎቶ የማይነሳበት ሰው የለም። ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ዛሬ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጣለች። ማፍረስ ሲቻል አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ የበለጠ የጨዋ ስድብ አላውቅም። ልጄ ወዲያው ስልኩን አወጣ። ያንሳ፣ ምንም አይደል። ግን ፎቶውን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ቤቱ አትሩጡ። ዘወር በሉና ግቢውን እዩት።

ጃንሆይ ገነተ ልዑልን ያሠሩት ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እንደራሴው ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ወለደ ተብሎ እዚህ ግቢ ውስጥ በዓል ተደረገ። የከተማው ድሃ ምጽዋት ይሰጥሃል ተብሎ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከሰው መሐል ሆነው ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። አቡነ ቄርሎስም ቆሰሉ። ከዚያ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ቦምብ የወረወሩት አምልጠው ወጥተዋል። እዚያው የወደቀው ሳንቲም ሊቀበል የመጣው ሰው ነው። ግድያው ከግቢው ወጥቶ ከተማውን ሦስት ቀን ሙሉ አቃጠለው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ ነው ያስታወቀው። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ።

አያቴ፣ የአጎቴ እናት ማለት ነው፣ በዚያ ሰሞን ጎረቤቷ ሲቃጠል በጓሮ አጥር ሾልካ ያመለጠች ሴት ናት። «የሚሰጥህን ሰው እጁን አትይ፣ በሩን እይ» ትል ነበር አለን ጋሼ። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔም ይህን አባባል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ጋሼ የሚያወራው ቦታው ሲያስታውሰው ነው።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው። ሙዚየሙ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ንብረት ነው፤ ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ዕቃው በብሔረሰብ ተከፋፍሎ አልተደረደረም። ከልደት ጀምሮ በልጅነት፣ በጉልምስና አድርጎ እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ነው የተሰደረው። ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። «የእኛ የት አለ?» እያላችሁ ከመፈለግ ያድናችኋል። ጨዋታው፣ ሠርጉ፣ እርሻው፣ ለቅሶው ከየአገሩ ተቀላቅሎ ጎን ለጎን ይመጣል። የሙዚቃ መሣሪያዎቹንና ሥዕለ አድኅኖዎቹንም እዩ። የሥዕሎቹን ክምችት የጀመሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው፤ ዓይናቸው እንደማይሳሳት ስታዩት ይገባችኋል። ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እዚህ አልገባበትም።

መኝታ ቤቱ ጋ ሰው ይጠራቀማል። የጃንሆይና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች ለየብቻ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አልጋው ነው፣ ስለ መታጠቢያ ገንዳው ነው። አጠገቤ የነበረች አንዲት ልጅ «እኔ ደግሞ ወርቅ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች ለጓደኛዋ፣ ቅር ብሏት። እውነቷን ነው፣ ዛሬ ሰሚት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ያበደ መታጠቢያ ቤት ሞልቷል። መስታወቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን የጥይት ነው፤ የ1953ቱ ጥይት። አጎቴ አልጋውን አላየም። መስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልበለው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ገለበጡ። ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን «እቴጌ ታመዋል» ብለው በስልክ እየጠሩ ያዟቸው ይባላል። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ከጃንሆይ ጋር ቆሙ። ከተማው ውስጥ ውጊያ ሆነ። ታኅሣሥ 7 ቀን ነገሩ እንዳለቀ ሲታወቅ፣ ወንድማማቾቹ ከመሸሻቸው በፊት፣ እዚሁ ቤት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታገቱት ላይ ተተኮሰ። 15 ሰው ሞተ።

ስሞቹን ጋሼ በቃሉ ያውቃቸዋል። እንደ ጸሎት ነው የሚወርዳቸው። ራስ ስዩም መንገሻ፣ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ። መኰንን ሀብተ ወልድ። አባ ሐና ጅማ። ደጃዝማች ለጥይበሉ ገብሬ። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሙሉጌታ ቡሊ ቀድሞ ራሳቸው የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ያሳደጉት ጦር ነው የገደላቸው። ከዚያ ራስ አበበ አረጋይ። አምስት ዓመት ሙሉ ሸዋ ውስጥ ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጉ አርበኛ ናቸው። የግራዚያኒ ጥይት ያላገኛቸው ሰው፣ ግራዚያኒ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ በወገን ጥይት ሞቱ። ይህን ልብ ወለድ ላይ ባነብ ደራሲው አበዛው እል ነበር።

«አባባ፣ ለምን ገደሏቸው?» አለ ልጄ።

«ሊሸሹ ነበራ» አለ ጋሼ። ሌላ አልጨመረም።

ልጄ አልተወውም። ገርማሜን በትምህርት ቤት በጥሩ ነው የሰማው። ወላይታ ገዥ ሳሉ ለመሬት አልባ ገበሬ መሬት ያደሉ፣ በዚህም ከበላይ የተጣሉ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጣው የተማሪ ትውልድ ስማቸውን አንስቶ አይጠግብም ነበር። ያ እውነት ነው። ሳሎኑም እውነት ነው። አስጎብኚውም ሁለቱንም ሳይደባብቅ ነው የተናገረው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። አንዱን ወገን ጀግና አድርጎ ጭብጨባ መሰብሰብ ቀላል ነበር።

ጋሼ የዚያን ሰሞን የሚያስታውሰው የልጅ ነገር ነው። ከአውሮፕላን ወረቀት ተበተነ። የሰፈር ልጆች ተሻምተው ሰበሰቡ። ወረቀቱ አቡነ ባስልዮስ አመፀኞቹን ያወገዙበት ቃል ነበር። አያቴ ከእጁ ነጥቃ ተሳለመችውና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ «የፓትርያርክ ቃል መጫወቻ አይደለም» ብላ። ገርማሜ ሞተው አስከሬናቸው ጊዮርጊስ አደባባይ ሲሰቀል እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። ሄደ። ብዙ ቀን እራት አልበላ አለው። ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተይዘው፣ ተፈርዶባቸው መጋቢት ላይ ተሰቀሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ያቃተኝ። የሳሎኑን ሟቾች ሁሉ እናውቃቸዋለን። ማዕረጋቸውን፣ አባታቸውን፣ የት እንደነበሩ እናውቃለን። የግቢውን ሟቾች ግን አንድም ሰው በስም የጠራልኝ የለም። ጋሼ እንኳ፣ ስም የሚሰበስበው ጋሼ፣ አንድም አያውቅም። ለማኝ ነበሩ፣ ድሃ ነበሩ፣ ማን ይመዘግባቸዋል። ስለዚህ ጎብኚው «ወንጀሉ የተፈጸመው የት ነው?» ሲል ጣቱን ወደ ሳሎኑ ያመለክታል። ቤቱ በዚያ ይታወቃል። የበለጠው ሰው የሞተው ግን ውጭ ነው፣ አሁን ተማሪው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ቺፕስ በሚበላበት። ተማሪውን መውቀሴ አይደለም። የት ይጋደም ታዲያ?

ለዚህ ነው ከውጭ ጀምሩ የምለው። ግቢውን ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ ደረጃውን እዩ፣ ከዚያ ግቡ። አረንጓዴው ሳሎን የቱ እንደነበር ሠራተኞቹን ጠይቁ። መኝታ ቤቱንና መስታወቱን እዩ። ሥዕሎቹን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። ስትወጡ መንገዱን ተሻግራችሁ አደባባዩ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት እዩ። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሥራ ነው። ሁላችንም በታክሲ ስንዞረው ነው የኖርነው፤ ቀርባችሁ ግርጌው ላይ የተቀረጸውን ተመልከቱ። ሰዎቹ ስም ባይኖራቸውም እዚያ ፊት አላቸው።

ቤቱ እንዴት ዩኒቨርሲቲ ሆነ ለምትሉ፣ ከግርግሩ ዓመት በኋላ ጃንሆይ ግቢውን ለትምህርት ሰጡትና በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የሚገርመው ግን የአራት ኪሎ ኮሌጅ ተማሪዎች በ1953ቱ ግርግር ለአመፀኞቹ ድጋፍ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ቤተ መንግሥቱን የወረሱት እነሱና ታናናሾቻቸው ናቸው። «መሬት ለአራሹ» እያሉ የወጡት ከዚሁ ነው። የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በ1962 ዓ.ም. የተገደለውም በዚሁ አካባቢ፣ በዚያው በታኅሣሥ ወር ነው። ታኅሣሥ ለዚህ ሰፈር ምን እንዳረገችው እግዜር ይወቀው።

ጥቂት የሚጠቅሙ ነገሮች። ቢያንስ ግማሽ ቀን ያዙ፤ በአንድ ሰዓት ሮጣችሁ የምትወጡት ቤት አይደለም። በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል፣ ሰው ይቀንሳል። ፎቶ የት እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው ከያዛችሁ ሕንፃው ፎቅ መሆኑን አትርሱ፤ እኛ ጋሼን በየመካከሉ እያሳረፍን ነው ያወጣነው። ትንንሽ ልጆች በሙዚቃ መሣሪያዎቹ ይደሰታሉ፣ ከዚያ ይሰለቻሉ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ያለፈውን ልጅ ግን ሳትፈሩ ውሰዱት። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ 1953ም ስለ የካቲት 12ም ጥቂት አንብባችሁ ሂዱ። ምንም ሳያውቅ የገባ ሰው የሚያየው የድሮ አልጋ ብቻ ነው። ካላችሁ ደግሞ ያን ዘመን የሚያስታውስ ዘመድ ይዛችሁ ግቡ፤ ዕድሜያቸው እየሄደ ስለሆነ ዘንድሮ ሳያልፍ ብታደርጉት ይሻላል።