ለምትወልቅ መንጋጋ ብረት ወይስ ነጭ?

ልጄ 6 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ በገባን በአራተኛው ቀን እናቴ ቤት ቁጭ ብላ የገብስ ቆሎ ስትቆረጥም ድንገት አፏን ይዛ ቀረች። መዳፏ ላይ የተፋችውን ሳየው ቆሎ ብቻ አይደለም። ሜሪላንድ ያስሞላንላት የታች መንጋጋ ሙሌት ከጥርሱ ቁራሽ ጋር ወጥቷል።

እውነቱን ለመናገር ዱብ ዕዳ አልነበረም። ከመምጣታችን በፊት የሜሪላንዷ ሐኪም "ይህ ሙሌት አይቆይም፣ ክራውን ይሻለዋል" ብላን ነበር። ክራውን ማለት ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ልባስ ነው። ኢንሹራንሳችን የሚሸፍነው የብረቱን ነው። ነጩን ካሰኘን ልዩነቱ ከኪሳችን። ባለቤቴ ብረት አለ፣ እኔ ነጭ አልኩ። ስንጨቃጨቅ የበረራችን ቀን ደረሰ።

እናቴ መፍትሔዋ ቅርብ ነው። "የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይነቀልና ጣራ ላይ ይወርወር!" ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ግን የተሰበረው ሁለተኛው መንጋጋ ነው። እሱ በራሱ ጊዜ የሚወልቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ገና ብዙ ዓመት ልታኝክበት ነው። ደግሞ ከኋላው ትልቁ ቋሚ መንጋጋ የሚበቅለው በ6 ዓመት አካባቢ ነው። ፊቱ ባዶ ሆኖ ካገኘው ወደፊት ይንሸራተታል፣ በኋላ ከሥር የሚመጣው ጥርስ መውጫ ያጣል። ለእናቴ "ታክሲ ውስጥ ወንበርሽን ለቀሽ ብትወርጂ ማን ይጠብቅልሻል?" አልኳት። ወዲያው ገባት።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ነው። ስሙን ልተወው። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ካርድ ክፍሏ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፣ ቡና ሁሉ አቀረቡልኝ። ሐኪሙ ግን ራጅ ሳያስነሳ በመብራት አየት አደረገና "ሁለቱም ጎን በነጭ ክራውን ይሸፈን" አለ። ስለ ብረቱ ስጠይቀው "እሱ ድሮ ቀረ" አለኝ። አነጋገሬን ሰምቶ ነው መሰለኝ "በዶላርም መክፈል ይቻላል" ብሎ ጨመረ። ቡናው ጥሩ ነበር። የካርዱን ከፍለን ወጣን።

ሁለተኛውን የጠቆመችን የእናቴ ጎረቤት ናት። መገናኛ አለፍ ብሎ፣ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። የጠዋት 4 ሰዓት ቀጠሯችን ለ5 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ማንም ይቅርታ አላለንም። ይህንን የምጽፈው ሌላው ነገር ሁሉ ስላስደሰተኝ ነው፤ ቀጠሮ ማክበር ብቻ ቢጨምሩበት ምናለ?

ሐኪሟ ራጁን አስነስታ ስክሪን ላይ አሳየችኝ። ብስባሹ ወደ ነርቩ ተጠግቷል፣ ግን በመካከል ጤነኛ ግድግዳ አለ። ሌሊት በሕመም ትነቃለች ወይ፣ ድዷ አብጦ ያውቃል ወይ፣ የልብ ሕመም አለባት ወይ፣ የጆሮ ጌጥ ሲደረግላት ጆሮዋ ይቆስላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የጆሮው ጥያቄ ገረመኝ። ለካ ብረቱ ውስጥ ኒኬል አለ። ርካሽ ጌጥ ቆዳውን የሚያሳክከው ልጅ ካለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ከዚያ መሳቢያ ከፍታ ሦስት ክራውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። "በእጅዎ ይያዟቸው" አለችኝ።

የብረቱ ስስ ነው። ጥፍሬ ሲጫነው ጠርዙ ትንሽ እሺ ይላል። ለየመንጋጋው በስድስት መጠን ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ጠርዙ በመቀስ ይከረከማል፣ በጉጠት ይጠበባል። ለልጆች ጥርስ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው። ሁለተኛው ያው ብረት ሆኖ ፊቱ ላይ ነጭ የተለጠፈበት ነው። እሷ ራሷ አልወደደችውም። ነጩ ይፈነከታል፣ ሲፈነከት ደግሞ ከብረቱ የባሰ ያስጠላል አለች።

ሦስተኛው ዚርኮኒያ የሚባል ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ ነው። እኔ የቋመጥኩለት። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ስኒ ስባሪ ወፈር፣ ለስለስ ያለ ነው። ጥርስ ነው የሚመስለው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ቀለሙ አይለወጥም፣ ልስላሴው ቆሻሻ ብዙ አያስይዝም፣ ድድም ይስማማዋል። ችግሩ ግትርነቱ ነው። አይታጠፍም፣ አይጠብም። "ብረቱን ለጥርሱ እንሰፋለን፣ ለዚርኮኒያ ግን ጥርሱን ነው የምንቀርጸው" አለችኝ። ስለዚህ ጥርሱ ዙሪያውን በደንብ መሞረድ አለበት። ያ ማለት ማደንዘዣ መርፌ ነው፣ ረጅም ጊዜ አፍ ከፍቶ መቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ሲጣበቅ ደም ወይም ምራቅ ከነካው ማጣበቂያው በደንብ አይዝም። 6 ዓመቷ ሆኖ መርፌ ስታይ ወንበር ሥር የምትገባ ልጅ እንዳለችኝ አስቡ።

ዋጋውም አለ። እዚያ ክሊኒክ ነጩ የብረቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ሁለቱም ከውጭ ስለሚገቡ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋቸው ዶላሩን ተከትሎ እንደሚወጣ ነገረችኝ።

ልቤን የቀየረው ግን ቀጥሎ ያለችው ነው። ኖርና ሆል የምትባል የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም ትሠራበት የነበረ ዘዴ አለ፤ በስሟ ሆል ይባላል። መርፌ የለም፣ መሞረድ የለም፣ ብስባሹን መቆፈርም የለም። ብረቱ ላዩ ላይ ይደፋበትና ይታሸጋል። ከውጭ ምግብ የተቋረጠበት ተሕዋስ መብላቱን ያቆማል። እኔ "ብስባሹን እዚያው ትተን?" ብዬ ዓይኔን አፈጠጥኩ። ቤት ገብቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ5 ዓመት ክትትል አገኘሁ። በዚህ ዘዴ ከተሸፈኑት ጥርሶች እንደ መመርቀዝ ያለ ከባድ ችግር የገጠማቸው 3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በተለመደው ሙሌት ግን 16.5 በመቶ። በእርግጥ ለሁሉም አይሆንም። ነርቩ የታመመ ወይም የመረቀዘ ጥርስ ላይ አይደረግም። የልብ ግድግዳ ኢንፌክሽን የሚያሰጋቸው ልጆችም ሌላ መንገድ ነው የሚፈለግላቸው፤ የቶንሲል ጣጣ የልብ ቫልቭ በሚያበላሽበት አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

የዚያን ቀን በጥርሶቹ መካከል ትንንሽ ሰማያዊ የላስቲክ ቀለበቶች አስገባችላትና ከሦስት ቀን በኋላ ቀጠረችን። ቦታ እንዲከፍቱ ነው። ልጄ በምላሷ ስትነካካቸው ሰነበተች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ቀለበቶቹን አወጣች፣ ሦስት መጠን ለካች፣ አራተኛው ልክ ሆነ። በማጣበቂያ ሞልታ ጥርሱ ላይ አስቀመጠችና በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ልክ ያኔ መብራት ጠፋ። የሚሽከረከር መሣሪያ ስለሌለ ማንም አልደነገጠም። ረዳቷ የስልኳን መብራት አበራች። "አሁን በደንብ ንከሺ፣ የኔ ጎበዝ።" ልጄ ነከሰች። ቀጭ የሚል ድምፅ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተሰማኝ። የተረፈውን ማጣበቂያ ጠርገው ሲጨርሱ ጄኔሬተሩ ገና መንኳኳት ጀመረ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልሞላም። እንባ የለም። እኔ ግን ትንሽ አልቅሻለሁ።

ሐኪሟ እንደነገረችን ሲነከስ ከፍ ይላል። ለጥቂት ቀን ሌላኛው ጎን አልገጥም ብሏት ፍርፍርና ገንፎ በላች። በሁለተኛው ሳምንት ረሳችው። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጡኝ፣ ራጁንም ለሜሪላንዷ ሐኪም እንዳሳይ በቴሌግራም ላኩልኝ።

ነጭ ለፊት ጥርስ ቢሆን፣ ወይም አምሮቱ የልጁ የራሱ ቢሆን አልቃወምም። ለኋላ መንጋጋ ግን ነጩን የፈለግኩት ለእኔ ፎቶ ነበር። ባለቤቴ ይህንን እንዳያነብ።

ማታ እናቴ "አሳዪኝ እስቲ" ብላ አፏን አስከፈተቻት። እናቴ የወርቅ ጥርስ አላት፣ በወጣትነቷ ያስደረገችው። "የኔ ወርቅ፣ ያንቺ ብር" ብላ ሳቀች። ልጄ አሰብ አደረገችና ሲወልቅ ብሩም አብሮ ይወልቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፣ ከነጥርሱ።

"እንግዲያው እዚህ ጣራ ላይ ነው የምወረውረው" አለች። "ቆርቆሮው ኳ ይላል።"